ከጉንችሬ ሆኖ ፍሪላንስ መጀመር፦ የመጀመሪያው ደንበኛ በማን በኩል ይመጣል?

በኮምፒውተር የሚሠራ ሙያ ይዞ መቀጠር ያልቻለ ወይም ያልፈለገ ወጣት በየወረዳ ከተማው እየበዛ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ወደ ጉራጌዋ የወረዳ ከተማ ጉንችሬ የተመለሰውም፣ ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ቤት ተከራይቶ የሚኖረውም፣ ግራፊክስና የቪዲዮ ቅንብር ከዩቲዩብ የተማረውም የሚሰማው ምክር አንድ ዓይነት ነው፦ አፕወርክ ወይም ፋይቨር ላይ አካውንት ክፈት፣ ራስህን በእንግሊዝኛ አስተዋውቅ፣ ዶላሩን ጠብቅ። ብዙዎች ምክሩን ተቀብለው ለወራት ማመልከቻ ሲልኩ ይከርማሉ፤ መልስ ሲጠፋም ነገሩ ለእኛ አገር አይሆንም ብለው ይተዉታል። የዚህ መመሪያ ክርክር ምክሩ ከመጨረሻው ይጀምራል የሚል ነው። የመጀመሪያው ደንበኛ የሚመጣው ጭራሽ ከማያውቋችሁ ሰዎች ሳይሆን የሚያውቋችሁ ሰዎች ከሚያውቁት ሰው ነው። የውጭው ገበያ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ፣ ሥራችሁን የሚመሰክር ሰው ስታገኙ ነው። በዚህ በኩል ከታየ ደግሞ ከጉንችሬ የሚነሣ ጀማሪ አዲስ አበባ ካለው ጓደኛው ወደኋላ አይቀርም፤ እንዲያውም የሚቀድምበት ነገር አለ።

ማስረጃውን ከራሱ ከኦንላይኑ ገበያ እንጀምር። ቀድሞ ኦዴስክ ይባል በነበረውና በኋላ ከኢላንስ ጋር ተዋሕዶ አፕወርክ በሆነው ድረ ገጽ ላይ፣ አማንዳ ፓሌይስ የተባለች አሜሪካዊት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ አንድ ሙከራ አካሂዳ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው መጽሔት አሳትማለች። ለ10 ሰዓት የመረጃ ማስገባት ሥራ ካመለከቱት ሰዎች መካከል 952ቱን በዕጣ መርጣ ቀጠረች፤ ሥራቸውንም አይታ ሌሎች አሠሪዎች የሚያነቡት አስተያየት ጻፈችላቸው። በቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከዚያ በፊት ልምድ ያልነበራቸው ተቀጣሪዎች ዕጣው ካልደረሳቸው ብጤዎቻቸው የበለጠ ሥራና የበለጠ ገቢ አገኙ። በ10 ሰዓት ውስጥ አዲስ ሙያ የሚማር የለም። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው እንዳሠራቸውና እንደረካ መታየቱ። በእውነተኛው ገበያ ግን በዕጣ የሚቀጥር ተመራማሪ የለም። ጀማሪን በራሱ ገንዘብ ፈትኖ ለሌሎች አሠሪዎች መረጃ የሚያተርፍ አሠሪ ከየት ይመጣል? እያንዳንዱ ሌላው የፈተነውን ሰው መውሰድ ይመርጣል። በዚያ ላይ ከህንድ፣ ከባንግላዴሽና ከፓኪስታን ዓመታት ልምድና መቶ አስተያየት የያዙ ሰዎች ለዚያው ሥራ ያመለክታሉ። ማመልከቱም ነፃ አይደለም፤ አፕወርክ ኮኔክት የሚባለውን ነጥብ በ15 የአሜሪካ ሳንቲም ይሸጣል፣ ለአንድ ማመልከቻም በርካታ ኮኔክት ሊያስፈልግ ይችላል። ምስክር ሳይኖር እዚያ መግባት ገንዘብ ከፍሎ ወረፋ መያዝ ነው፤ ያውም የመጨረሻውን ቦታ።

ታዲያ የመጀመሪያው ምስክር ከየት ይመጣል? ማርክ ግራኖቬተር የተባለው የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ማሳቹሴትስ ውስጥ ኒውተን በምትባል ከተማ ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችን አጥንቶ ነበር። በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል መንገዱን ያሳያቸውን ሰው አዘውትረው ያገኙት የነበሩት 17 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። 56 በመቶ ያህሉ አልፎ አልፎ፣ 28 በመቶ ያህሉ ደግሞ ከስንት አንዴ ነበር የሚያገኙት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወንድማችሁና የቅርብ ጓደኛችሁ የሚያውቁትን ሁሉ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በዓመት አንዴ የምታገኙት የአጎት ልጅ ግን እናንተ የማትደርሱበት ሰፈር ይውላል። ይህ የአሜሪካ፣ ያውም የ50 ዓመት ወሬ ነው የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2022 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው፣ 20 ሚሊዮን የሊንክድኢን ተጠቃሚዎችን የተከታተለ ጥናት የደረሰበት ድምዳሜም ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ ሥራ በማስገኘት ረገድ በጣም ቅርብ የሆነው ትውውቅ ሳይሆን መካከለኛ ርቀት ላይ ያለው ይበልጣል።

ለጉራጌ አንባቢ ደግሞ ማሳቹሴትስ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። አንትሮፖሎጂስቱ ዊሊያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የጉራጌ ጥናት የእንሰቱን ኑሮ ሲተርክ ወደ አዲስ አበባ የሚፈልሰውን ሰውም ያነሣል። ከገጠር የወጣው ልጅ ቀድሞት ከሄደ ዘመድ ወይም የአገር ልጅ ዘንድ አርፎ፣ ሊስትሮ ሠርቶ ወይም ሱቅ አገልግሎ፣ እቁብ ገብቶ የራሱን ሱቅ ሲከፍት የኖረው ማስታወቂያ አንብቦ አይደለም። ከዓለምገና በቡታጅራ በኩል ወላይታ ሶዶ የሚደርሰው መንገድ በንጉሡ ዘመን በማኅበር መዋጮ ሲጀመር፣ ገንዘቡን ያንቀሳቀሰው ይኸው አዲስ አበባንና አገር ቤትን ያያያዘ የትውውቅ ሰንሰለት ነበር፤ ተመራማሪው ፈቃዱ ገዳሙ የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩበት ጉዳይ ነው። መንገድ ያሠራ ሰንሰለት አርማና የዋጋ ዝርዝር የሚያሠራ ደንበኛ አያጣም። እቁብ ለሚገባ አዲስ ሰው ዋስ እንደሚጠየቅ ሁሉ የመጀመሪያው ደንበኛም በልቡ የሚጠይቀው ዋስ ነው፤ ከጉንችሬ የሚነሣ ሰው ዋስ አለው።

ከዚህ ተነሥተን ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ የሚሸጠውን ነገር ምረጡ፤ ስትመርጡም ከምትችሉት ሳይሆን ሰው አሁኑኑ ገንዘብ ከሚከፍልበት ነገር ተነሡ። "ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ" የሚለው ለማንም የተነገረ አይደለም። "ለክትፎ ቤቶችና ለሆቴሎች የምግብ ዝርዝርና ለቴሌግራም የሚሆን የሳምንት ማስታወቂያ እሠራለሁ" የሚለው ግን የሚሰማው ሰው አእምሮ ውስጥ ወዲያው አንድ ስም ይጠራል፤ አገናኝ የሚያደርገውም ያ ነው። ጉንችሬና አካባቢዋ ራሳቸው ጥቂት እንዲህ ያሉ ሥራዎች አሏቸው። የግል ትምህርት ቤት የተማሪዎች ውጤት በኤክሴል ተደምሮ ደረጃ ወጥቶለት ሰርተፍኬቱ ታትሞ እንዲሰጠው ይፈልጋል። የሕንጻ መሣሪያ ነጋዴ የዕቃ መዝገቡ ከደብተር ወጥቶ ምን እንዳለቀ በስልኩ ቢያይ ይወዳል። መርካቶ ያለው የጨርቅ ጅምላ ሻጭ የቴሌግራም ቻናል ከፍቶ ፎቶ የሚለጥፍለትና ለጠያቂ የሚመልስለት ሰው ያጣል፤ ይህንን ለመሥራት መርካቶ መቀመጥ አያስፈልግም። ሌላም ብዙዎች የማያስቡት አለ። ለዩኒቨርሲቲና ለእርዳታ ድርጅት ጥናት የሚሠሩ ሰዎች በአካባቢው በሚነገረው በእኖር ቋንቋ የተቀዳ ቃለ መጠይቅ ወደ አማርኛ ወይም ወደ እንግሊዝኛ በጽሑፍ እንዲገለበጥላቸው ይፈልጋሉ፤ ይህን በጥራት የሚሠራ ሰው ከእኖር ውጭ ማግኘት ከባድ ነው፣ ሶፍትዌሩም ገና አልደረሰበትም። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ጉብሬ ላይ ማስተማር ከጀመረ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መምህራኑና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቹ መጠይቅ የሚያስገባላቸውና ሠንጠረዥ የሚሠራላቸው ሰው ይቀጥራሉ። የመመረቂያ ጽሑፍ ራሱን ጽፎ መሸጥን ግን አትንኩት። ገበያው መኖሩን ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን ስማችሁን ጠርቶ ሊመሰክርላችሁ የማይችል ደንበኛ ለጀማሪ ምንም አይፈይድም።

ቀጥሎ ናሙና ነው። ሥራ ሳላገኝ የሠራሁትን ከየት አመጣለሁ የሚለው ጥያቄ ጀማሪውን ከሁሉ በላይ ያስረዋል፤ መልሱ ግን ቀላል ነው፦ ያልታዘዘ ሥራ ሥሩ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ክትፎ ቤት ግድግዳው ላይ በማርከር የጻፈውን ዝርዝር ፎቶ አግኝታችሁ አሳምራችሁ ድገሙት። በአንድ ሱቅ የ20 ዕቃ ዝርዝር ላይ ተመሥርታችሁ የሚሠራ የኤክሴል መዝገብ አዘጋጁ። ሦስት ናሙና ይበቃል፤ ሦስቱም ግን የአንድ ዓይነት ሥራ ይሁኑ፤ አንድ አርማ፣ አንድ ድረ ገጽና አንድ የሠርግ ቪዲዮ የሚያሳይ ሰው ሁሉንም የሚሞክር እንጂ አንዱን የሚችል አይመስልም። እዚህ ላይ ስለ ምስክር ወረቀት አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በ2016 ዓ.ም. የጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ የሚወሰድ ነው፤ ጊዜና ኢንተርኔት ያለው ቢማርበት ይጠቀማል። ሆኖም ስሙ ራሱ እንደሚናገረው በሚሊዮኖች እጅ እንዲገባ የታቀደ ወረቀት አንዱን ከሌላው አይለይም። የሱቅ ባለቤት ሰርተፍኬት አያነብም፤ የራሱን ሱቅ የሚመስል ነገር ስልካችሁ ላይ ሲያይ ግን ዋጋ ይጠይቃል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይህን ሁሉ በነፃ እየሠራው አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። አርማውን ይሥል ይሆናል፤ ነገር ግን ሱቅ ድረስ ሄዶ ዕቃውን ቆጥሮ፣ ዋጋውን ከባለቤቱ አፍ ለቅሞ፣ በሳምንቱ ሲለወጥ አስተካክሎ የሚልክ አይደለም፤ ሰው የሚከፍለው ደግሞ ከሥዕሉ ይልቅ ለዚህ ነው።

ሦስተኛው የስም ዝርዝር ነው፣ ብዙው ሰው የሚዘለውም ይህንን ነው። ደብተር አውጡና የምታውቋቸውን ሰዎች ጻፉ፤ የቅርቦቹን ሳይሆን የራቁትን። ዘጠነኛ ክፍል አብሯችሁ ተቀምጦ አሁን ሳሪስ ሱቅ ያለው ልጅ፣ ደቡብ አፍሪካ የሄደው የጎረቤት ልጅ፣ የአክስት ባል፣ የቀድሞ መምህር፣ ወልቂጤ ጤና ጣቢያ የምትሠራው የሰፈር ልጅ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን እሱ የሚያውቀውን አንድ የንግድ ሰው ጻፉ፤ ካላወቃችሁ ባዶ ተዉት፣ ስትጠይቁት ትሞሉታላችሁ። ከዚያ መልእክት ላኩ፤ ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚላክ የቴሌግራም ማስታወቂያ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ለብቻው። ሥራ ስጠኝ አይባልም፤ ያ ሰውየውን ያስጨንቀዋል፣ ሥራ ከሌለው ማፈር ብቻ ይተርፈዋል። የሚጠየቀው መገናኘት ነው። ለምሳሌ እንዲህ፦ "ጋሼ እንደምን ሰነበቱ፣ የእገሌ ልጅ ነኝ፣ ከጉንችሬ። ለሱቆች የዕቃ መዝገብ በስልክ እንዲታይ አድርጌ መሥራት ጀምሬያለሁ፤ አንድ የሠራሁትን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። እርስዎ ጋር ባይሆን እንኳ ይህ የሚጠቅመው ነጋዴ የሚያውቁ ከሆነ ስልኩን ቢሰጡኝ፣ ወይም የእኔን ቢሰጡልኝ ደስ ይለኛል።" አጭር ነው፣ ማን እንደሆናችሁ በአባት ይለያል፣ ናሙናው አብሮ አለ፣ እምቢ ለማለትም አይከብድም። ለታላቅ ሰው መጻፍ የሚያሳፍር ከሆነ ደውሉ፤ ለብዙ የመርካቶ ነጋዴ ከጽሑፍ ይልቅ ድምፅ ይቀለዋል። መልስ ያልሰጠ ሰው እምቢ አለ ማለት አይደለም፤ ከ10 ቀን በኋላ አዲስ ናሙና ይዛችሁ አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሱት፣ ከዚያ ተዉት።

የጊዜ ነገርም አለ፤ እዚህ ላይ አገሩ ራሱ ያግዛችኋል። አዲስ አበባ ያለ ጀማሪ ነጋዴውን ሊያገኝ ወረፋ ይጠብቃል፤ ለመስቀል ግን ነጋዴው ራሱ ወደ ጉራጌ አገር ይመጣል፣ ብዙ የመርካቶ ሱቆችም ይዘጋሉ። ለሙስሊሙ ቤተሰብ አረፋ እንደዚሁ ነው። በእነዚያ ቀናት የሱቅ ባለቤቱ፣ የሆቴሉ ባለቤት፣ ከውጭ የመጣውም ዘመድ ሥራ ፈትቶ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ይገኛል፤ በዓመት ውስጥ ሌላ እንዲህ ያለ ሳምንት የለም። ክትፎ እየተበላ ስለ ዋጋ መነጋገር ግን አያስፈልግም፣ ነውርም ነው። ያኔ የሚፈለገው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ምን እንደምትሠሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር፣ ስልክ ላይ ናሙናውን ማሳየት፣ ስልክ ቁጥር መቀበል። ሰውየው ወደ ሥራው ሲመለስ፣ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ፣ ትደውላላችሁ። ይህ እንዲሆን ናሙናዎቹ በነሐሴ ማለቅ አለባቸው፤ መስቀል ደርሶ ናሙና መሥራት የጀመረ ሰው አንድ ዓመት አባከነ።

ደንበኛው ሲገኝ የሚመጣው የዋጋ ጥያቄ ነው፤ ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተውም አሳንሶ በመጥራት አይደለም፣ ያለ ስሌት በመጥራት ነው። በወር 12,000 ብር ለኑሮ፣ 3,000 ብር ደግሞ ለኢንተርኔትና ለሌላ የሥራ ወጪ ያስፈልጋችኋል እንበል። በወር 25 ቀን ብትሠሩ በጅማሬው ግማሹ ደንበኛ በመፈለግ ስለሚያልቅ የሚከፈልበት 12 ቀን ያህል ይቀራል፤ በቀን 6 ሰዓት ቢታሰብ 72 ሰዓት ነው። 15,000 ለ72 ሲካፈል በሰዓት 208 ብር ይመጣል፤ 8 ሰዓት የሚፈጅ ሥራ እንግዲህ ከ1,700 ብር ብዙ መውረድ የለበትም። ቁጥሮቹን በራሳችሁ ተኩ፤ ዋናው ሰዓቱ እንዳይረሳ ነው። ለደንበኛው ግን በሰዓት አትንገሩት፤ የሥራውን ሙሉ ዋጋ፣ ምን እንደሚጨምር፣ ስንት ጊዜ እንደሚታረምና መቼ እንደሚደርስ በአንድ የቴሌግራም መልእክት ጻፉለትና "እሺ" ብሎ ይመልስ። ከዚያ ግማሹን አስቀድሙ። በአገራችን ይህ አዲስ አይደለም፤ ልብስ ሰፊውም አናጺውም ቀብድ ይቀበላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ቀብድን ያውቀዋል፦ ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው፤ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ወገን ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ሁለተኛውን ክፍል ለራሳችሁ አንብቡት፤ በተባለው ቀን እንደማትጨርሱት የምታውቁትን ሥራ ቀብድ አትቀበሉበት። ገንዘቡ በቴሌብር ወይም በባንክ ቢገባ ይመረጣል፤ መዝገቡ በኋላ ለክርክርም ለግብርም ይጠቅማል።

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ይነሣል፦ የምታውቀው ሰው አይከፍልም። ዘመድ "ለእኔ እኮ ነው" ይላል፣ የአገር ልጅ "በኋላ እሰጥሃለሁ" ይላል፣ መጠየቅ ደግሞ ያሳፍራል። ተቃውሞው እውነት አለው፤ ለዚህም ነው ዝርዝሩ ላይ የራቁትን ጻፉ የተባለው። ወንድም፣ አክስትና የቅርብ ጎረቤት ደንበኛ አይደሉም፤ እነሱ የሚፈለጉት ለአገናኝነት ነው፣ ያንንም በደስታ ያደርጉታል። አገናኙ ያመጣው ሰው ግን ከእናንተ ጋር የዝምድና ሒሳብ የለውም፤ ቀብድ ሲጠየቅም አይቆጣም፣ አገናኙን ላለማሳፈር ይከፍላል። እናንተም በዚያው ምክንያት በቀኑ ታስረክባላችሁ። የቅርብ ሰው በነፃ ሥራልኝ ካለ አንድ ጊዜ ይሁን፤ ነገር ግን ሙሉ ዋጋውን ጽፋችሁ፣ ከሥሩ "ለቤተሰብ በነፃ" ብላችሁ ላኩለት፣ በምትኩም ሁለት ሰው እንዲያገናኛችሁ ጠይቁት። ዋጋው ያልተጻፈ ነፃ ሥራ ሰው ዘንድ ዋጋ እንደሌለው ሥራ ይቆጠራል፤ ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ሰው በነፃ ይዞባችሁ ይመጣል። ሌላም ተቃውሞ አለ፦ በትውውቅ መሥራት አድሎ አይደለም ወይ? የመንግሥት ቅጥር ቢሆን ኖሮ አዎ። የግል ነጋዴ በራሱ ገንዘብ የሚያምነውን ሰው ቢያሠራ ግን የማንንም ድርሻ አልወሰደም፤ ትውውቁም በሩን ይከፍታል እንጂ ሥራውን አይሠራም፣ የተበላሸ ሥራ በዚያው ሰንሰለት ተመልሶ ይሰማል።

ስለ መብራትና ኢንተርኔት ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ሁለት ነገር ብቻ አድርጉ። የማስረከቢያ ቀን ስትሰጡ ሥራው ከሚፈጀው ላይ ሁለት ቀን ጨምሩ፣ ከቻላችሁ ከቀኑ በፊት አስረክቡ። የምትሠሩባቸውን ፋይሎች በየቀኑ ኢንተርኔት ላይም በፍላሽም አስቀምጡ፤ ለደንበኛ መብራት ጠፋ ማለት አንድ ጊዜ ይሰማል፣ ፋይሉ ጠፋ ማለት ግን አንድ ጊዜም አይሰማም። ሥራው ሲያልቅና ቀሪው ሲከፈል፣ በዚያው ቀን እንጂ በሳምንቱ ሳይሆን፣ ደንበኛውን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ በድምፅም ይሁን በጽሑፍ ሁለት ዓረፍተ ነገር አስተያየት፣ እና ይህ የሚጠቅመው የአንድ ሰው ስም። በፓሌይስ ሙከራ ውስጥ ተመራማሪዋ የጻፈችው አስተያየት የሠራውን ሥራ እዚህ የሚሠራው ይኸው የነጋዴው ቃል ነው። ሦስት ሰው እንዲህ ከመሰከረላችሁ ሰንሰለቱ በራሱ መሄድ ይጀምራል።

የኦንላይኑ ገበያ ተራ የሚደርሰው ያኔ ነው። ከአገር ውስጥ ጀምሩ፤ ፍሪላንስ ኢትዮጵያ በሚል የቴሌግራም ቻናል ተጀምሮ አሁን አፍሪወርክ የሚባለው ላይ የሚወጣው ሥራ በብር ነው፣ አሠሪውም የላካችሁትን የአማርኛ አስተያየት ማንበብ ይችላል። ዶላሩስ ለሚል ሰው፦ ጥያቄው ተገቢ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል፤ ከዚያ ወዲህ በዶላር የሚከፈል ትንሽ ሥራ እንኳ ያጓጓል። ግን ወደ ዶላሩ የሚወስደው አጭሩ መንገድም ያው ሰንሰለት ነው። አሜሪካ ወይም ደቡብ አፍሪካ ያለው የአገር ልጅ የራሱ ሱቅ፣ ምግብ ቤት ወይም ማኅበር ይኖረዋል፤ እሱ የጻፈው የእንግሊዝኛ አስተያየት አፕወርክ ላይ ለሚከፈት ገጽ መነሻ ይሆናል። ከውጭ ደንበኛ ጋር ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አከፋፈሉን ተነጋገሩ፤ ፔይፓል ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው ገንዘብ መቀበያ አይሆንም፣ ይህን ያልጠየቀ ሰው ሥራውን አስረክቦ ገንዘቡ ውጭ ይቀርበታል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ፍሪላንሰሮች ፔዮኒርን ይጠቀማሉ፤ በባንክ በቀጥታ ማስላክም ይቻላል። ፋይቨር ከምታገኙት ላይ 20 በመቶ እንደሚቆርጥም ዋጋ ስትጠሩ አስቡት።

የቀረው ወረቀቱ ነው፤ ብዙ ጀማሪዎች ትልቅ ስሆን ይደርሳል ብለው ያቆዩታል። ለግለሰብ ሱቅ ስትሠሩ ማንም ላይጠይቃችሁ ይችላል፤ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት፣ ሆቴል ወይም የእርዳታ ድርጅት ሲመጣ ግን የሚጠየቀው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ደረሰኝ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ግብር ቀንሶ እንዲያስቀር የተገደደ ድርጅት፣ መለያ ቁጥር ከሌለው ሰው አገልግሎት ሲገዛ ከክፍያው ላይ 30 በመቶ እንዲያስቀር ያዛል። ከክፍያው ሲሶ ያህል ማለት ነው፤ ቁጥሩ ያለው ሰው የሚቀነስበት ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የዚሁ አዋጅ ማሻሻያ ደግሞ ከግብር ከፋይ ደረጃዎች የ"ሐ" ደረጃን አስቀርቶ ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነውን ግለሰብ ግብር ከፋይ "ለ" ደረጃ ውስጥ አስገብቷል፤ ስለዚህ የቆየ ምክር ከሚሰጣችሁ ሰው ይልቅ የገቢዎች ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ። ስለ ንግድ ፈቃዱም ለምትሠሩት ሥራ የትኛው ዘርፍ እንደሚሆን ከንግድ ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ ተረዱ። ጉንችሬ የወረዳ ማዕከል ስለሆነች ለዚህ ሁሉ ወልቂጤ መመላለስ ላያስፈልግ ይችላል፤ መታወቂያችሁን ይዛችሁ የመጀመሪያው ድርጅት ከመደወሉ በፊት ሄዳችሁ መለያ ቁጥሩን አውጡ።